ማን ቀረ፣ ማን ጠፋ? የአንድ የፎቶግራፍ ሥራ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

የዘመናዊ ኑሮን ተቃርኖ በፎቶግራፍ ለማሳየት የሚነሳ ሰው ቶሎ የሚገጥመው አንድ ችግር አለ። ተቃርኖው በየቦታው ይታያል፤ ፎቶው ግን ተመልካቹ አስቀድሞ የሚያውቀውን ከመድገም አያልፍም። ይህ ጽሑፍ በዚያ ችግር ውስጥ ሁለት ዓመት ቆይታ በኋላ መውጫ ስላገኘች አንዲት ፎቶግራፍ አንሺ ነው። እኔ የገባሁበት በምስል መራጭነት ነው። ፎቶዎቹን አብሬያት አይቻለሁ፣ መርጫለሁ፣ ተከራክሬያለሁ፤ አንድ ቦታ ላይም አሳስቻታለሁ። ጉዳዩ እንዲጻፍ ፈቅዳለች። የእሷንም ሆነ የተነሱትን ሰዎች ማንነት፣ እንዲሁም ቦታውን አልጠቅስም።

መነሻው

በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለች፣ ለመተዳደሪያዋ የሕንፃና የቤት ውስጥ ፎቶ የምታነሳ ባለሙያ ናት። ሥራዋ ከሰው ጋር ብዙም አያገናኛትም። ሕንፃ ስታነሳ ሰው ከፍሬሙ እስኪወጣ ትጠብቃለች፤ ካልወጣላት ሻተሩን (ብርሃን ወደ ካሜራው የሚያስገባውን መከለያ) ለብዙ ሰከንድ ከፍታ በመተው አላፊ አግዳሚው እንዳይታይ ታደርጋለች። ይህ የዕለት ተዕለት ልማዷ በኋላ ዋናው ነገር ሆነ፤ በወቅቱ ግን ሁለታችንም ልብ አላልነውም።

በትርፍ ጊዜዋ የራሷን ሥራ ጀምራ ነበር። ርዕሱን «አብረን፣ ብቻችንን» ብላዋለች። የሰው ልጅ እንደ ዛሬ በመገናኛ መሣሪያ ተሳስሮ አያውቅም፤ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች ግን አይነጋገሩም፤ ሐሳቧ ይህ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ካነሳቻቸው በሺህ የሚቆጠሩ ፍሬሞች አርባውን አሳትማ ወደ እኔ መጣች። አንድ አነስተኛ የኤግዚቢሽን ቦታ ሥራውን ለማሳየት ተስማምቶ ነበር፤ ለመክፈቻው የቀረው ሰባት ወር ነው።

ችግሩ

አርባዎቹን ህትመቶች ወለል ላይ ደረደርናቸው። በሙያ ዓይን እንከን አይወጣላቸውም፤ ብርሃኑ ተጠንቶበታል፣ አሰላለፉ የታሰበበት ነው። አሥሩን ካየሁ በኋላ ግን የቀሩትን ሠላሳ ሳላያቸው መገመት ቻልኩ። ያቀረቀረ ራስ፣ ፊት ላይ የስልክ ብርሃን፣ አጠገቡ ሌላ ያቀረቀረ ራስ። ባልና ሚስት፣ ጓደኛሞች፣ እናትና ልጅ፤ ሰዎቹ ይለዋወጣሉ፣ ፍርዱ አንድ ነው።

«አንቺ ፎቶውን ከማንሳትሽ በፊት መልሱን ይዘሽ ነው የምትሄጂው» አልኳት። ቃሉ ከብዷት እንደነበር በኋላ ነግራኛለች።

ነገሩን ያከበደው ሌላም ምክንያት ነበር። አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ኤሪክ ፒከርስጊል በ2010ዎቹ አጋማሽ «ሪሙቭድ» በተባለው ሥራው ይህንኑ ጉዳይ አንስቶታል። ሰዎቹ ስልካቸውን እንደያዙ በዚያው አኳኋን እንዲቆዩ ይጠይቅና መሣሪያውን ከእጃቸው ወስዶ ያነሳቸዋል። ባዶ መዳፋቸውን እያዩ የሚቀሩት ሰዎች ለማየት ያስጨንቃሉ። የእሷ አርባ ፎቶዎች እዚያ የተባለውን ከመድገም በቀር የሚጨምሩት አልነበራቸውም። አንድን ጉዳይ ሌላ ሰው ስለነካው መተው አለበት ማለቴ አይደለም፤ ሁለተኛ የሚመጣ ሰው ግን ከመጀመሪያው ያላገኘነውን ነገር ሊያሳየን ይገባል።

ወለሉ ላይ ተቀምጠን ረጅም ሰዓት የተነጋገርነው ስለ አንድ ልዩነት ነው። አማርኛ ለፓራዶክስ «አያዎ» የሚል ቃል አለው፤ «አይ» እና «አዎ» ተጋጥመው አንድ ቃል ሆነዋል። ተቃርኖ ከዚህ ይለያል። በተቃርኖ «አይ» የሚለው አንድ ወገን፣ «አዎ» የሚለው ሌላ ወገን ነው፤ ተመልካቹ አንዱን ይመርጣል። በአያዎ ውስጥ ግን «አይ» የሚያሰኘው ነገር ራሱ «አዎ» ያሰኛል፤ መምረጥ አይቻልም። የእሷ ፎቶዎች ተቃርኖ ነበሩ። ሁሉም «ስልክ ያራርቃል» ይላሉ፤ «ያቀራርባል» የሚለው ወገን ፍሬሙ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

የመጀመሪያው ሙከራ፦ ጥንድ ምስል

መጀመሪያ የሞከርነው ያልተወከለውን ወገን አጠገቡ ማምጣት ነበር። አንድ ያቀረቀረ ሰው በግራ፣ ስልኩ ላይ የነበረው ምስል በቀኝ። ሰዎቹን እያስፈቀደች የስልካቸውን ገጽ አነሳች፤ ዘጠኝ ጥንዶች ተሠሩ።

አልሠራም። ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ሲሰቀል የሚናገረው በመሃላቸው ያለው ክፍተት ነው። ተመልካቹ ግራውን አይቶ፣ ቀኙን አይቶ፣ «አሃ» ብሎ ያልፋል። እንቆቅልሽ ከነመልሱ እንደመስጠት ሆነ።

እዚህ ላይ አሜሪካዊቷ አርቲስት ማርታ ሮዝለር ከ1967 እስከ 1972 (እ.ኤ.አ.) የሠራቻቸውን ፎቶሞንታዦች፣ ማለትም ከተለያዩ ፎቶዎች ተቆርጠው የተገጣጠሙ ምስሎች፣ አንስተን ነበር። ሮዝለር ያማሩ የአሜሪካ ሳሎኖችን ፎቶ ከቬትናም ጦርነት ፎቶ ጋር በአንድ ገጽ አዋህዳለች። ለምን የእሷ ይሠራል? ሁለቱም ዓይነት ምስሎች በመጽሔት ገጽ ላይ ወደ አንድ ቤት የሚገቡ ስለነበሩ ነው። ጦርነቱ ሳሎን ውስጥ የገባው በመቀሷ ብቻ አልነበረም፤ በመጽሔቱ ቀድሞ ገብቷል። እሷ የገጾቹን ርቀት አጠፋች። በእኛ ጥንዶች ግን ግራና ቀኙን ያገናኘናቸው እኛ ነበርን።

ሁለተኛው ሙከራ፦ ድርብ ምስል

ሁለቱን ምስሎች በአንድ ፍሬም ላይ ደርባ ሞከረች። ሦስት ሳምንት ሠራችበት። ምስሎቹ ያምሩ ነበር፤ ሆኖም ማማራቸው ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም፤ ማንኛውም ሁለት ፎቶ ሲደራረብ ሕልም ይመስላል። ተውነው።

አዳራሹ

መውጫው የመጣው ከመተዳደሪያ ሥራዋ ነው። የታደሰ የመንገደኞች መጠበቂያ አዳራሽ የውስጥ ገጽታ እንድታነሳ ተቀጥራ ነበር። አዳራሹ ስለማይዘጋ እንደ ልማዷ ሰዎቹ እንዳይታዩ በስምንት ሰከንድ ሻተር አነሳችው። ፎቶዎቹን ስታስረክብ አሠሪዎቹ አንድ ቅሬታ ላኩላት፦ ጥቂት ሰዎች አልጠፉም፤ በኮምፒውተር ይጥፉልን።

ለማጥፋት ፋይሎቹን ስትከፍት የቀሩትን ሰዎች አንድ በአንድ አየቻቸው። በዚያ ቀን ባነሳቻቸው ፍሬሞች ላይ ጥርት ብለው የቀሩት በሙሉ ማለት ይቻላል ስልካቸው ላይ ያቀረቀሩ ነበሩ።

በዚያ ምሽት ደወለችልኝ። «የሄዱት ናቸው የቀሩት» አለችኝ። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ፎቶዎቹን ስትልክልኝ ግን ከወንበሬ ተነሳሁ።

ሁለት ዓመት ሙሉ «እዚህ የሉም» ስትላቸው የነበሩት ሰዎች በፎቶው ላይ ያሉት እነሱ ብቻ ናቸው። እዚያ በሙሉ ልባቸው የነበሩት ደግሞ የሉም፤ ልጅ ተከትላ የምትሮጥ እናት፣ እየተሳሳቁ የሚያልፉ ወጣቶች፣ ሰው ሊቀበል የሚፈጥን ሽማግሌ፣ ሁሉም ጭስ ሆነዋል። ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲጨዋወቱ የነበሩ ሁለት ሴቶች ልብሳቸው ቀርቶ ፊታቸው ጠፍቷል፤ ጨዋታ ራስን ያወዛውዛል፣ እጅን ያንቀሳቅሳል። ካሜራው የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማን አልተንቀሳቀሰም። በዚያ መለኪያ ፍርዱ ሙሉ በሙሉ ተገለበጠ። «አይ» እና «አዎ» አንድ ቦታ ተገናኙ፤ ያገናኛቸውም እኛ ሳንሆን የብርሃን ሕግ ነው።

ይህ ነገር ከፎቶግራፍ ጋር አብሮ የተወለደ መሆኑን ያስታወስኩት በማግስቱ ነው። ከፎቶግራፍ ፈልሳፊዎች አንዱ የሆነው ፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር እ.ኤ.አ. በ1838 ፓሪስ ውስጥ ቡልቫር ዱ ቶምፕል የተባለውን ጎዳና ከፎቅ መስኮት ሲያነሳ መንገዱ በሠረገላና በእግረኛ የተሞላ ነበር። ምስሉ ግን ደቂቃዎች የሚፈጅ ብርሃን ስለሚፈልግ ተንቀሳቃሹ ሁሉ ሳይቀረጽ አለፈ። ባዶ በሚመስለው ጎዳና ላይ የሚለየው ጫማውን ለማስጠረግ አንድ እግሩን አንስቶ የቆመ ሰው ነው። በፎቶግራፍ ከተቀረጹ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ እንደሆነ ይነገርለታል፤ የተቀረጸውም ስለቆመ ብቻ ነው። ከመቶ ሰማንያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ያ መዘግየት በእሷ አዳራሽ ውስጥ ሌላ ነገር መናገር ጀመረ።

አሠራሩ

ዝርዝሩን ለሚሠሩበት ሰዎች እጽፋለሁ። አዳራሹ ውስጥ በቀን ብርሃን መለኪያዋ በአይኤስኦ 100 (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት ልክ)፣ በኤፍ 8 የሌንስ ቀዳዳ የሩብ ሰከንድ ሻተር ያሳያት ነበር። ሩብ ሰከንድ የሚራመድን ሰው ያደበዝዘዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ ብርሃንን በአምስት እርከን የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር ሌንሱ ላይ ገጠመች። እያንዳንዱ እርከን ብርሃኑን በግማሽ ስለሚቀንሰው አምስት እርከን 32 እጥፍ ይሆናል፤ ሩብ ሰከንድ በ32 ሲባዛ ስምንት ሰከንድ ነው። በመደበኛ እርምጃ የሚያልፍ ሰው ፍሬሙ ላይ አንዷን ነጥብ የሚሸፍነው ለግማሽ ሰከንድ ያህል ነው። የቀረውን ሰባት ሰከንድ ተኩል ከኋላው ያለው ግድግዳ ይይዘዋል። ሰውየው የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ስምንት ሰከንድን የመረጠችው ከሙከራ በኋላ ነው። በሁለት ሰከንድ ሁሉም ሰው ግማሽ በግማሽ ይቀራል፣ ልዩነቱ አይወጣም። በሠላሳ ሰከንድ ደግሞ ያቀረቀረው ሰው ራሱ ይተነፍሳል፣ እግሩን ያነባብራል፤ አዳራሹ ሙሉ በሙሉ ይራቆታል። ሠላሳው የሚያስደነግጥ ምስል ይሰጣል፤ የሚለው ነገር ግን የለም።

አንድ ያልጠበቅነው ነገር ተጨመረ። የስልኮቹ ገጾች በሙሉ ነጭ ሆነው ወጡ። ገጹ ከአዳራሹ በጣም ይደምቃል፤ በዚያ ላይ በስምንት ሰከንድ ውስጥ ያለፉት ምስሎች ሁሉ አንዱ በአንዱ ላይ ይደራረባሉ። ጃፓናዊው ፎቶግራፍ አንሺ ሂሮሺ ሱጊሞቶ በ1970ዎቹ በጀመረው የሲኒማ ቤት ሥራው ይህን ያውቀዋል፤ ፊልሙ ከሚጀምርበት እስከሚያልቅበት ሻተሩን ከፍቶ ይተወዋል፣ ፊልሙ በሙሉ ሸራው ላይ ነጭ ብርሃን ሆኖ ይቀራል። ሁሉን የያዘው ባዶ ይመስላል። በእሷ ፎቶዎች ላይ እያንዳንዱ ሰው ትንሽ ነጭ ሸራ ይዞ ተቀምጧል።

ፈቃድና የተገለበጠው ሥጋት

ሥራውን ከመቀጠሏ በፊት ከአዳራሹ አስተዳደር ፈቃድ አወጣች፤ ፎቶ እየተነሳ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍም በመግቢያዎቹ ላይ ለጠፈች። ለአሥራ አንድ ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ቀን ተመላለሰች።

ሆኖም ማስታወቂያው ብቻ አይበቃም። በተራ የአደባባይ ፎቶ ላይ ሁሉም ሰው እኩል ይታያል። እዚህ ግን የሚታወቁት ሊተቹ የሚችሉት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የሚደነቁት ተሰውረዋል። ይህ ከባድ አለመመጣጠን ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ፍሬም በኋላ ጥርት ብለው የወጡትን ሰዎች እየሄደች ምስሉን ከካሜራው ገጽ ላይ ታሳያቸዋለች፣ ትጠይቃቸዋለች። ያልፈቀደ ሰው ያለበትን ፍሬም እዚያው እያየ ታጠፋዋለች። ጥሩ ጥሩ ፎቶዎች ጠፍተዋል። ሥራውን የለወጠው ግን ይህ መጠየቅ ነው።

በስድስተኛው ሳምንት ገደማ አንድ አርባ ዓመት የሚጠጋው ሰው አነሳች። በሁለት እጁ ስልኩን ይዞ፣ ክርኑን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ፣ ስምንቱን ሰከንድ ንቅንቅ አላለም። ከፎቶዎቿ ሁሉ ጥርት ያለው ሰው እሱ ነው። ምስሉን ስታሳየው ቆይቶ አየውና ነጩን ገጽ በጣቱ ነካው።

«እህቴ፣ ይኼ ነጭ የሆነው ልጄ ነው» አላት።

ለሥራ ርቆ ሳለ የተወለደ የጥቂት ቀናት ሕፃን ነው። እናቱ ስልኳን አልጋው አጠገብ አቁማለት፣ ልጁ ሲተኛ እያየ ነበር። ድምፅ የለም፣ ወሬ የለም፤ መተንፈሱን ብቻ ነበር የሚያየው።

ከዚያ ቀን በኋላ መጠየቋ ከፈቃድ አለፈ። «ምን እያዩ ነበር?» የሚለውን ጨመረች። ሁሉም መልስ እንዲህ ልብ የሚነካ አልነበረም፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ጨዋታ ሲጫወቱ የነበሩ አሉ፤ መንገድ የሚፈልጉ አሉ። አንዲት ወጣት ለእህቷ የይቅርታ መልእክት ትጽፍና ታጠፋ ነበር። አንድ ወጣት ደግሞ ከደቂቃ በፊት ምን ያይ እንደነበር ማስታወስ አቅቶት እሱም ደነገጠ። ከውጭ ሲታዩ አራቱም አንድ ናቸው፤ አንገታቸው አንድ፣ እጃቸው አንድ፣ ነጭ ገጻቸው አንድ።

እሷ በሁለት ዓመት ያነሳቻቸውን አርባ ፎቶዎች በዚያ ሰሞን ደግማ አየቻቸው። ስለ አንዳቸውም ምን ያዩ እንደነበር አታውቅም። «ሁሉንም ፈርጄባቸዋለሁ» አለችኝ። ከልቧ አዝና ነበር።

ምርጫው

በአሥራ አንድ ሳምንት መጨረሻ ፈቃድ ያገኙ ሠላሳ ስምንት ፍሬሞች ነበሩ። አሥራ ስምንቱን መረጥን። ሁሉም ላይ ጥርት ያለው ሰው ስልክ የያዘ ነበር፤ ቅደም ተከተሉም ተስተካክሎ አለቀ። ምርጫው እንዳለቀ ሥራውን ለማያውቅ አንድ የሙያ ባልደረባችን አሳየነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀን፦ «መጽሐፍ የሚያነብ ሰውስ?»

ሁለታችንም ዝም አልን። መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ነበር። ከሳምንታት በፊት አንስታዋለች፣ ፈቅዷል፣ እንደ ሌሎቹ ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ «ከሐሳቡ ጋር አይሄድም» ብላ ለብቻ አስቀምጣዋለች። ሻንጣዋን ተደግፋ የተኛች አሮጊትም ነበረች። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ መስኮቱን የምታይ፣ ምንም ያልያዘች ሴትም ነበረች። ሐሳቡ የዳነው እነዚህን ስላስወጣን ነበር። ይህ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ አርባ ፎቶዎች በሽታ ነው፤ በሌላ በር ተመልሶ መጣ።

ሦስቱም ገቡ። መግባታቸው ሥራውን አላዳከመውም። የሚያነበው ሰውና ስልክ የያዘው ሰው ጎን ለጎን ሲታዩ ተመልካቹ በአኳኋናቸው ልዩነት ማግኘት አይችልም። አንዱን «በሐሳብ ተመስጧል» ሌላውን «ጠፍቷል» የምንለው በምን ምክንያት ነው? ፎቶዎቹ ይህን መጠየቅ የቻሉት ከሐሳባችን ጋር የማይሄዱት ከገቡ በኋላ ነው።

መግለጫ ጽሑፉ፦ የእኔ ስህተት

ነጭ ገጹን የነካው ሰው ታሪክ ከፎቶው ሥር እንዲጻፍ አጥብቄ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። ሰውየው ታሪኩ እንዲነገር ፈቅዶ ስለነበር በዚያ በኩል ችግር የለም። እሷ አመነታች፤ እኔ አሳመንኳት። ከመክፈቻው በፊት ለሙከራ ጥቂት ሰዎች ጋበዝን። ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር አደረጉ። ጽሑፉን አነበቡ፣ አዘኑ፣ ፎቶውን በጨረፍታ አይተው አለፉ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ፎቶዎች ሁሉ «ይኼም የልጁ አባት ይሆናል» በሚል ዓይን አዩዋቸው። ፍርዱ ተገልብጦ ነው እንጂ ፍርድነቱ አልቀረም፤ ቀድሞ ሁሉም ጥፋተኛ ነበሩ፣ አሁን ሁሉም ንጹሕ ሆኑ። አያዎው በአንድ አንቀጽ ተፈታ፤ ተፈትቶም ሞተ።

ጽሑፍ ፎቶን ምን ያህል እንደሚያዝ ማወቅ የነበረብኝ ሰው ነኝ። አሜሪካዊቷ ፎቶግራፍ አንሺ ማርጋሬት ቡርክ-ኋይት እ.ኤ.አ. በ1937 ሉዊቪል፣ ኬንታኪ ያነሳችው ፎቶ የታወቀ ነው። ጥቁር አሜሪካውያን ተሰልፈዋል፤ ከበላያቸው ትልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነጭ ቤተሰብ በመኪና ይሄዳል፣ ሰሌዳው ከዓለም ከፍተኛውን የኑሮ ደረጃ ያወድሳል። ፎቶው ከመጀመሪያ ጽሑፉ ተለይቶ ሲዞር ብዙ ሰው የኢኮኖሚ ድቀት ያመጣው የሥራ አጦች ሰልፍ አድርጎ ያነበዋል። ሰልፈኞቹ ግን የኦሃዮ ወንዝ ጎርፍ ያፈናቀላቸው እርዳታ ጠባቂዎች ናቸው። ተቃርኖው በሁለቱም ንባብ እውነት ነው፤ የሰዎቹ ታሪክ ግን አንዱ ብቻ ነው። ቃል ሲጎድል ፎቶው ሌላ ነገር ይሆናል፤ ሲበዛ ደግሞ መታየት ያቆማል። በእኛ ጉዳይ መጠኑን ያገኘነው ከሁለት ሳምንት ክርክር በኋላ ነው።

ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር የቀረው የሰዓትና የቆይታ ልክ ብቻ ነው፤ «ጠዋት 3፡40፣ 8 ሰከንድ» እንደማለት። ሰዎቹ «ምን እያዩ ነበር?» ለሚለው የሰጧቸው መልሶች ያለ ስም፣ የትኛው የማን እንደሆነ ሳይጠቀስ በአንድ ገጽ ታትመው በመውጫው በር አጠገብ ተሰቀሉ።

የሆነው

ተመልካቾች ገጹን አንብበው ወደ ውስጥ ተመለሱ። ሁሉም አይደሉም፤ ግን በመክፈቻው ምሽት በር ላይ ቆሜ ስመለከት የተመለሱት ከወጡት በለጡ። ሲመለሱ ፎቶዎቹን የሚያዩት በሌላ መንገድ ነው፤ የትኛው አባት፣ የትኛዋ እህት እንደሆነች ይፈልጋሉ፣ አያገኙም። አንድ አባት ልጁን ይዞ መጥቶ ጭስ የሆኑትን ሰዎች ሲቆጥር ብዙ ቆየ።

ያልሠራም አለ። ሁለት ፎቶዎችን በጣም ትልቅ አድርገን አሳትመን ነበር። በዚያ መጠን የደበዘዙት ሰዎች ዓይን ይስባሉ፣ ጥርት ያለው ሰው ይዋጣል፤ በትንሽ መጠን ቢሆኑ ይሻል ነበር። ገጹን ሳያነቡ የወጡ ሰዎች «ስልክ አበላሸን» የሚል ሥራ አይተው ሄደዋል፤ ለእነሱ መልስ አላገኘንም። ፈቅዳ የነበረች አንዲት ሴት ደግሞ ኤግዚቢሽኑ ከተከፈተ በኋላ ሐሳቧን ለወጠች። ፎቶው በዚያው ቀን ወረደ። ፈቃድ አንዴ የሚሰጥና የሚያልቅ ነገር አድርገን ስለያዝነው በጽሑፍ ስምምነቱ ላይ የመመለሻ መንገድ አላስቀመጥንም ነበር፤ ይህ ጉድለታችን ነው።

ለሌላ ሥራ የሚወሰደው

በዚህ ጉዳይ ላይ ፎቶ ጥሩ ተቃርኖ እንዲይዝ ካደረጉት ነገሮች የመጀመሪያው ግጭቱ ከአነሳሱ ዘዴ ጋር መያያዙ ነው። ሻተሩ የተከፈተበት ጊዜ ሐሳቡን ራሱን ሠራው። እንዲህ ዓይነት ሥራ የጀመረ ሰው «ምን ላንሳ?» ከማለቱ ጎን ለጎን «የማነሳበት መንገድ ማንን ያስቀራል፣ ማንን ያጠፋል?» ብሎ ቢጠይቅ ይጠቅመዋል። ረጅም ሻተር ተንቀሳቃሽን ያጠፋል። ብልጭታ ሩቁን ያጨልማል። ጠባብ የሌንስ አንግል ጎረቤትን ይቆርጣል። እያንዳንዱ የራሱ ፍርድ አለው።

ሁለተኛው የመተዳደሪያ ሥራን ይመለከታል። ይህች ሴት የራሷን ሥራ ስትሠራ የሕንፃ አነሳስ ልማዷን ሆን ብላ ከበር ውጭ ትተወው ነበር፤ የጥበብ ሥራ ሌላ ነው ብላ ታምናለች። ለሥራዋ ያስፈለጋት ዕውቀት ግን እዚያ ነበር። ብዙ ባለሙያዎች እንዲህ ያደርጋሉ፤ በዓመታት ያካበቱትን ትተው በማያውቁት መንገድ ይደክማሉ።

ተነሺዎቹን ስለመጠየቅ ደጋግሜ አስባለሁ። የመጣችው ፈቃድ ልታገኝ ነው፤ ያገኘችው ዕውቀት ነው። ስለ ሰዎች የሚናገር ፎቶ ሲሠራ ሰዎቹን «ምን እያደረጉ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ይመስላል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ግን አልተደረገም። እኔም ወለሉ ላይ ተቀምጬ አርባውን ፎቶ ስተች አልጠየቅኩም።

የተጣሉ ፍሬሞችንም በተመለከተ አሁን አንድ አሠራር ይዘናል። ምርጫ ከማለቁ በፊት «ከሐሳቡ ጋር አይሄዱም» ተብለው የወጡትን ብቻ ለይተን እናያቸዋለን። ያለ ሌላ ጉድለት በዚያ ምክንያት ብቻ የወጣ ፍሬም ከተገኘ ምርጫው ይቆማል።

ሥራው አሁን

በአሁኑ ጊዜ ሁለተኛውን ክፍል እየሠራች ነው። የሚዋወቁ ሁለት ሰዎችን ትጋብዛለች፣ ፊት ለፊት ታስቀምጣቸዋለች፣ ሳይነጋገሩ ለስምንት ሰከንድ እንዲተያዩ ትጠይቃቸዋለች። ባለፈው ወር ያነሳቻቸውን አሳይታኛለች። ጉልበታቸው ላይ ያረፉት እጆች ጥርት ብለዋል፣ የወንበሮቹ እግሮች ይቆጠራሉ። ፊታቸው ግን የለም። እስካሁን ካነሳቻቸው ጥንዶች ሳይስቁ ስምንቱን ሰከንድ የጨረሱ አልተገኙም።